ነጥብ ለሚሰጠው ሰው መጻፍ፦ የመንግሥት ጨረታና የአክስቴ የጽዳት ድርጅት

ባለፈው ሴሚስተር ማኅበራችን የቀድሞ ተማሪዎችን ከአዲሶቹ ጋር ባገናኘበት ምሽት አንዲት የቢዝነስ ተማሪ እጇን አውጥታ «መንግሥት ሥራ የሚሰጠው ለሚያውቀው ሰው አይደለም ወይ? ታዲያ ስንት ገጽ ብንጽፍ ምን ዋጋ አለው?» ስትል ጠየቀችኝ። ቡናው ቀርቦ ሰውም መነሳት ጀምሮ ስለነበር በሁለት ዐረፍተ ነገር መልሼላት አለፍኩ። መልሴ እሷን አላረካትም፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም አላረካኝም። ስለዚህ ይኸው በጽሑፍ።

እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። የጨረታ ሰነድ መጻፍ የተማርኩት ግን ክፍል ውስጥ ሳይሆን አክስቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። አክስቴ በዲቪ መጥታ ዘጠኝ ዓመት ያህል በዴንቨር መሀል ከተማ ሌሊት ሌሊት ቢሮ ስታጸዳ ኖራ፣ ከዚያ አውሮራ ውስጥ በአንድ ቫን የራሷን ድርጅት ከፈተች። ደንበኞቿ በሀቫና ጎዳና አካባቢ ያሉ ክሊኒኮች፣ ሁለት ቢሮዎችና አንድ መዋዕለ ሕፃናት ነበሩ። ሥራው ክፉ አልነበረም። ችግሩ ደንበኛ «አመሰግናለሁ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አንፈልግም» ካለ በቃ ማለቁ ነው። የመንግሥት ውል ግን ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ተፈርሞ ከዚያ በየዓመቱ ሊታደስ ይችላል። ስምንት ሠራተኛ ቀጥሮ የእነሱን የቤት ኪራይ ጭምር ለሚያስብ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

በሜትሮው ውስጥ ያለ አንድ የሕዝብ ተቋም የሦስት ሕንፃዎችን ጽዳት ለጨረታ ሲያወጣ አክስቴ ሰነዱን አትማ «አንተ እንግሊዝኛው ይቀልሃል፣ ጻፍልኝ» አለችኝ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። በሦስት ሌሊት አርባ ገጽ ጻፍኩ። የድርጅቱን ታሪክ፣ የአክስቴን ትጋት፣ የሠራተኞቹን ታማኝነት፣ ከዚያም ስለ ንጽሕና ጥቅም ሁለት ገጽ። ዋጋውን ደግሞ የቻልነውን ያህል ዝቅ አደረግን። ተሸነፍን። መሸነፋችን ሳይሆን ያሳፈረኝ፣ በኋላ ያየሁት የነጥብ ወረቀት ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ሐሳብ

አባቴ አዲስ አበባ የጽሕፈት መሣሪያ ያቀርብ ስለነበር የጨረታ ማስታወቂያ ያደግኩበት ጽሑፍ ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፦ የማይመለስ ብር ከፍሎ ሰነድ መግዛት፣ የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ ማስያዝ፣ ቴክኒካልና ፋይናንሻል ሰነዱን በተለያየ ፖስታ አሽጎ ሳጥን ውስጥ መክተት፣ መጨረሻ ላይም መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ መሆኑ። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው የፌዴራል ግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ነበር። አባቴ ያቀርባቸው ለነበሩት ዓይነት ዕቃዎች ውጤቱ ባብዛኛው አንድ ነው፦ ቴክኒኩን ካለፉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ስለዚህ በእኛ ቤት ጨረታ ማለት ዋጋ ማለት ነበር።

እዚህም እንዲህ ያለ ጨረታ አለ። «ኢንቪቴሽን ፎር ቢድ» ይሉታል፤ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ዋጋው ያነሰው ይወስዳል። «ሪኩዌስት ፎር ፕሮፖዛል» የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። በእሱ ዋጋ ከብዙ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ሥራውን እንዴት እንደምትሠሩት ተነቦ ነጥብ ይሰጠዋል። ሰነዱ በእጃችሁ እንደገባ መጀመሪያ መለየት ያለባችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ነው። እኛ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ቆጥረን ነበር የገባንበት።

የነጥብ ወረቀቱ

ከተሸነፍን በኋላ ለግዢ ኃላፊዋ ጻፍኩ። ክስ አልነበረም፤ ለምን እንደተሸነፍን ማወቅ እንደምንፈልግ ብቻ ነው የገለጽኩት። ወረቀቱን ላኩልን። ከመቶ 49 አግኝተናል፤ አሸናፊው 84። በዋጋ ከ25 ሙሉ 25 አገኘን። በጥራት ቁጥጥርና በሠራተኛ አደረጃጀት ከ35 ያገኘነው 11 ነው። በቀድሞ ሥራ ልምድ ከ25 ዘጠኝ። ሥራውን ከነባሩ ድርጅት እንዴት እንደምንረከብ ለሚጠይቀው ክፍል ከ15 አራት፤ ያቺንም አራት ለምን እንደሰጡን አላውቅም፤ ስለ ርክክብ የጻፍነው አንድ መስመር ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ፣ 35፣ 25፣ 15፣ 25፣ በጨረታው ሰነድ ውስጥ በግልጽ ተጽፈው ነበር። አርባ ገጽ ስጽፍ ያቺን ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያየኋት።

ከገምጋሚዎቹ አንዱ በአስተያየት መስጫው ላይ «የቀረበው ዋጋ ከደሞዝ ሠንጠረዡ ጋር እንዴት እንደሚጣጣም አልተብራራም» ብሎ ጽፎ ነበር። ያቺን ዐረፍተ ነገር እስካሁን አልረሳኋትም። ምክንያቱን በሂሳብ ላሳያችሁ። ለቁጥሩ ቅለት የሰዓት ደሞዙ 20 ዶላር ነው እንበል። አሠሪው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር 7.65 በመቶ ስለሆነ 1 ዶላር ከ53 ሳንቲም ይጨመራል። በኮሎራዶ ሕግ ሠራተኛው በየ30 ሰዓቱ የአንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ ይህም በዓመት እስከ 48 ሰዓት ይደርሳል። እሱ ወደ 67 ሳንቲም ነው። ገና 22 ዶላር ከ20 ሳንቲም ላይ ነን። እኛ ያስገባነው ዋጋ ሲከፋፈል በሰዓት 23 ዶላር ገደማ ነበር። በቀረችው 80 ሳንቲም የሠራተኛ የጉዳት ኢንሹራንስ፣ የቫኑ ነዳጅ፣ ሳሙናና ወረቀት፣ የፈረቃ ኃላፊዋ ደሞዝ፣ የእኔና የአክስቴ ድካም ሁሉ ሊሸፈን ነው። ብናሸንፍ ኖሮ አክስቴ በስድስት ወር ውስጥ ቫኗን ትሸጥ ነበር። ያ ሽንፈት ምናልባት ያተረፈን ነው።

እዚህ ላይ የደሞዝ ሕጉን ችላ አትበሉ። የዴንቨር ከተማ ከ2,000 ዶላር በላይ በሆኑ ውሎቹ ላይ ለግንባታ ብቻ ሳይሆን ለጽዳት ሠራተኛና ለመሰል ሥራዎችም የተወሰነ የደሞዝ ወለል ያስከፍላል። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ ከ1965 ጀምሮ «ሰርቪስ ኮንትራክት አክት» የሚባል ሕግ አለ፤ ከ2,500 ዶላር በላይ በሆነ የአገልግሎት ውል ለሠራተኛው ደሞዝና ለጥቅማ ጥቅም የሚከፈለው ገንዘብ በሠንጠረዥ ተለይቶ ከሰነዱ ጋር ይያያዛል። የዴንቨር ተራ ዝቅተኛ ደሞዝ እንኳ በ2025 በሰዓት 18.81 ዶላር ነበር። ተወዳዳሪያችሁም ይህንኑ ወለል ስለሚከፍል ከእሱ በታች ወርዶ ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም። የሚለያችሁ አሠራራችሁ ነው፤ እሱን ደግሞ መጻፍ ግድ ነው።

ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ

ለሁለተኛው ሙከራ ስንዘጋጅ አንድ ነገር አደረግሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይቺን ያዙልኝ። ኮሎራዶ የሕዝብ ሰነዶችን ለማየት የሚያስችል ሕግ አላት፤ በአጭሩ «ኮራ» ይሏታል። ጨረታው ካለቀ በኋላ የአሸናፊውን ፕሮፖዛልና የሁሉንም ነጥብ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ መሥሪያ ቤቱም በመደበኛው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል፣ ጊዜው ሊራዘም ቢችልም። የንግድ ምስጢር የሆነው ክፍል ተሸፍኖ ይመጣል። የፌዴራሉም የራሱ ሕግ አለው፤ እሱ ቀርፋፋ ነው።

የአሸናፊው ሰነድ 19 ገጽ ነበር። የእኛ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ግን ርዕሶቹ የጨረታው ሰነድ በጠየቀው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ቁጥርና በዚያው ቃል ተደርድረዋል። ገምጋሚው ነጥብ የሚሰጥበትን ቅጽ በግራ እጁ፣ ፕሮፖዛሉን በቀኝ እጁ ይዞ ምንም ሳይፈልግ መሙላት ይችላል። ያኔ ነው የገባኝ፦ ገምጋሚው ከመደበኛ ሥራው በላይ ስድስት ሰባት ሰነድ ተሸክሞ የሚያነብ የደከመ ሰው ነው። የእኔን መልስ ገጽ 27 ላይ ፈልጎ የማግኘት ግዴታ የለበትም።

ከዚያ ወዲህ ሰነድ የማነበው ከኋላ ነው። መጀመሪያ የመገምገሚያ መስፈርቱን፣ ቀጥሎ የአቀራረብ መመሪያውን (የገጽ ብዛት፣ የፊደል መጠን፣ የሚያያዙ ቅጾች)፣ በመጨረሻም የሥራውን ዝርዝር። በፌዴራል ሰነዶች እነዚህ በተለምዶ ክፍል ኤም፣ ክፍል ኤልና ክፍል ሲ ተብለው ይታወቃሉ። የፌዴራሉ ግዢ ደንብ ከ2025 ጀምሮ እየተከለሰ ስለሆነ ፊደሎቹን ሳይሆን በእጃችሁ ያለውን ሰነድ እመኑ። ከዚያ በኤክሴል ሠንጠረዥ አወጣለሁ። «ሻል» ወይም «መስት» የሚል ግዴታ ያለበት ዐረፍተ ነገር ሁሉ አንድ ረድፍ ያገኛል፤ ከጎኑ የስንት ነጥብ እንደሆነ፣ በየትኛው ገጽ እንደመለስነውና ምን ማስረጃ እንዳለን ይጻፋል። አሰልቺ ነው፤ ለሦስት ሕንፃ ጽዳት 90 ረድፍ ወጣ። ማስረጃ ያጣንባቸው ረድፎች ግን እዚያው ጨረታውን እንግባ ወይስ እንተው የሚለውን ይነግሩናል። ከዚያ ወዲህ የተውናቸው ጨረታዎች ከገባንባቸው ይበልጣሉ።

አሁን ስለ ዐረፍተ ነገሩ። በመጀመሪያው ሰነድ እንዲህ ብዬ ነበር፦ «ድርጅታችን ከፍተኛ ጥራት ያለው አገልግሎት በታማኝነትና በትጋት ይሰጣል።» ይህን የማይል ተጫራች የለም፤ ስለዚህ ነጥብ የሚሰጥበት ነገር የለውም። ሁለተኛው ላይ አክስቴን ቁጭ አድርጌ «ማታ ማታ በእውነት የምታደርጊው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። የነገረችኝን ጻፍኩ፦ «የፈረቃ ኃላፊዋ በየምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ባለ 14 ነጥብ ዝርዝር ይዛ እያንዳንዱን መጸዳጃ ቤትና መግቢያ አዳራሽ ትመለከታለች፤ ጉድለት ያገኘችበትን ፎቶ አንስታ ለሠራተኛው ታሳያለች፤ ሕንፃው ከመቆለፉ በፊት ይታረማል፤ የወሩ ዝርዝር በሚቀጥለው ወር በ5ኛው ቀን ለሕንፃው ኃላፊ ይላካል።» ይህ ሁሉ ድሮም ይደረግ ነበር። አክስቴ «ይሄማ ሥራችን ነው፣ ምኑ ይጻፋል?» ነበር ያለችው። የእኛ ሰው ስለ ራሱ ማውራት ይከብደዋል፤ ጉራ ይመስለዋል። ያልተጻፈን ነገር ግን ማንም ገምጋሚ ሊገምተው አይችልም፤ ገምቶ ነጥብ ቢሰጥም ሌላው ተጫራች ይከሰዋል።

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ ተማሪዎች ይህን ሁሉ በኤአይ እንደምትጽፉ አውቃለሁ። ለሠንጠረዡ ሊረዳችሁ ይችላል። ለይዘቱ ግን ማሽኑ የሚሰጣችሁ ያንኑ የመጀመሪያዬን ዐረፍተ ነገር ነው፤ በጣም ባማረ እንግሊዝኛ።

«ልምድ የላችሁም» ሲሏችሁ

በቀድሞ ሥራ ዘጠኝ ያገኘነው ሥራ ስላልነበረን አይደለም። ውሎቻችን በቃልና በስልክ ስለነበሩ የሚታይ ወረቀት አልነበረንም። ሁለት ወር ወስደን ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ አዘጋጀን፦ የሕንፃው ስፋት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የወር ክፍያ፣ ያጋጠመ ችግርና እንዴት እንደተፈታ፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው። የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር የጻፉልን ደብዳቤ ከእኔ አርባ ገጽ ይበልጥ ነበር። በፌዴራል ደንብ መዝገብ የሌለው አዲስ ተጫራች በዚህ መመዘኛ በመልካምም በክፉም እንዳይገመገም ተቀምጧል፤ ግን በዚያ ተማምኖ ባዶ ገጽ ማስገባት አይመከርም።

ሌላው መንገድ በንዑስ ተቋራጭነት መጀመር ነው። ብዙዎቻችን ዊልቸር በመግፋት፣ ሱቅ በመሸጥና ታክሲ በመንዳት የምናውቀው የዴንቨር ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የከተማው ንብረት ነው፤ እዚያ ያሉ ትላልቅ ውሎች ለትናንሽ ድርጅቶች ድርሻ እንዲሰጡ የሚያዙበት ጊዜ ብዙ ነው። የከተማው የአነስተኛ ንግድ ቢሮ፣ ዲ.ኤስ.ቢ.ኦ፣ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

የምስክር ወረቀት ነገር ግን ተቀይሯል፤ ከአጎታችሁ የሰማችሁትን ሳታጣሩ አትከተሉ። የፌዴራሉ ኤይት ኤ ፕሮግራም ለዘጠኝ ዓመት የሚቆይ ሲሆን ባለቤቱ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት። በጁላይ 2023 ከተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ጥቁር በመሆን ብቻ «ተጎድቷል» ተብሎ መገመት ቀርቷል። በኦክቶበር 2025 ደግሞ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ለመንገድና ለአውሮፕላን ማረፊያ በሚውለው ዲ.ቢ.ኢ ላይ ተመሳሳይ ለውጥ አደረገ። አሁን አመልካቹ የደረሰበትን የግል ጉዳት በራሱ ታሪክና ማስረጃ ማሳየት አለበት። አነስተኛ ድርጅት በመሆን ብቻ የሚገኘው ዕድል ግን አለ፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በ15,000 እና በ350,000 ዶላር መካከል ያሉ የፌዴራል ግዢዎች በመርህ ደረጃ ለአነስተኛ ድርጅቶች የሚተዉ ናቸው፤ ቢያንስ ሁለት እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በተመጣጣኝ ዋጋ ይወዳደራሉ ተብሎ ከታመነ። አውሮራ ውስጥ የበክሊ የጠፈር ኃይል ጦር ሰፈርና የአርበኞች ሆስፒታል በደጃችን አሉ። ለእነዚህ ሳም ዶት ጎቭ ላይ መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ምዝገባው ነጻ ነው። «እናስመዝግብልህ» ብሎ ደውሎ ብዙ መቶ ዶላር የሚጠይቅ ሰው አለ፤ አክስቴ ልትከፍል ካርዷን አውጥታ ነበር የደረስኩባት። ለምክርም ቢሆን ኤፔክስ አክሰለሬተር የሚባለው ድጋፍ ኮሎራዶ ውስጥ በነጻ አለ።

ስለ ሰዓትና ስለ ፊርማ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ብዙ ድካም ግን የሚጠፋው እዚህ ነው። ሰነዱ «2፡00 ፒ.ኤም.» ሲል በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። አክስቴ በአንድ ጨረታ «2 ሰዓት» ብላ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ስለለጠፈችው ጧት በሌሊት ልብስ ሆና እየጮኸች ቀሰቀሰችኝ። ያ ስሕተት የረዳን ነበር፤ ተቃራኒው ቢሆን ኖሮ አልቆልን ነበር። የፌዴራል ሰነድ ብዙ ጊዜ የዋሽንግተንን ሰዓት ይጠቀማል፤ ከእኛ በሁለት ሰዓት ይቀድማል። አምስት ደቂቃ ዘግይቶ የገባ ሰነድ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይነበብም። በኢንተርኔት ሲጫን ፋይሉ እንቢ ሊል ስለሚችል ከአንድ ቀን በፊት አስገቡ። ጨረታው ከወጣ በኋላ የሚወጡ ማሻሻያዎችን ሁሉ አንብባችሁ ቅጹ ላይ ፈርሙ። ጉብኝቱ ግዴታ ከሆነ በአካል ተገኙ። ጥያቄ ካላችሁ እስከ ተወሰነው ቀን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱ ለሁሉም ይወጣል።

ወደ ጥያቄዋ

ሰው ማወቅ ይጠቅማል ወይ? ነባሩ ድርጅት ሕንፃውንም ሰዎቹንም ስለሚያውቅ ይቀድማችኋል፤ ይህ እውነት ነው። አንዳንድ ሰነድ ደግሞ ሲነበብ ለአንድ ድርጅት ልክ የተሰፋ ልብስ ይመስላል፤ የማስገቢያ ጊዜው አጭር፣ የሚጠየቀው ልምድ እንግዳ። እንዲህ ያለውን ተዉት። ጨረታው ከወጣ በኋላ ግን በሰነዱ ከተጠቀሰው የግዢ ኃላፊ ውጪ ውስጥ ያለ ዘመድ ጋ መደወል ከውድድሩ ሊያስወጣችሁ ይችላል፤ ዘመዳችሁንም ከሥራው። ሰው ለማወቅ ጊዜው ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ነው፤ መሥሪያ ቤቶቹ ለአቅራቢዎች በሚያዘጋጁት ስብሰባ ላይ፣ በግልጽ።

እኛ ያሸነፍነው በሦስተኛው ሙከራ ነው። ትንሽ ውል ነው፤ ሁለት ሕንፃ፣ አምስት ሠራተኛ። ዋጋችን ከተጫራቾቹ ሦስተኛ ርካሽ ነበር። ሁለት ጊዜ ታድሶልናል። ለሠራተኞቹ የታዘዘው ደሞዝ ሲከፈል ሁለቱ የጎን ሥራቸውን ተዉ፤ አንዷ አሁን ማታ ትምህርት ጀምራለች፣ ከእናንተው ጋር ልትሆን ትችላለች።

ባዶውን ሠንጠረዥ የሚፈልግ በማኅበሩ በኩል ይጠይቀኝ፤ እልካለሁ። አክስቴ በአንድ ነገር ብቻ እስካሁን አልተስማማችኝም፦ ከሽፋን ደብዳቤው ላይ «በእግዚአብሔር ፈቃድ» የሚለውን በማውጣቴ። ሁለተኛውን ጨረታ የተሸነፍነው በእሱ ምክንያት ነው ትላለች።